ከኢትዮጵያ መጥቶ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የቀድሞ መምህር አይጠፋም። አንዱ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሌላዋ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ሌላው ኡበር ይነዳል። ሥራ ክቡር ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ወደ ክፍል መመለስ እየፈለገ ከየት እንደሚጀምር ግራ የገባው ብዙ ነው።

ይህ ገጽ በዲቪ፣ በቤተሰብ፣ በጥገኝነት ወይም በሌላ መንገድ መጥቶ የሥራ ፈቃድ ለያዘ መምህር ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ባቡር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ቢሆኑም የትምህርት ሕጋቸው የየራሳቸው ነው። የሚለያዩበትን እየጠቀስኩ እሄዳለሁ።

የኢትዮጵያ ዲግሪዬ እዚህ ዋጋ አለው?

አለው። ግን መጀመሪያ መገምገም አለበት። ግምገማውን የሚሠሩት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው ደብሊው ኢ ኤስን ነው፤ ሌሎችም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ግዛት የድርጅቱን ወረቀት ይቀበል እንደሆነ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ እዩ። ስታዝዙም እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝረውን ዓይነት እዘዙ። «ይህ ሰው ባችለር አለው» ብቻ የሚለው ርካሹ ወረቀት ለአንዳንድ አሠሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለመምህርነት ፈቃድ ግን ሌላ ዙር ያስከፍላችኋል።

ዋናው ጣጣ አገር ቤት ነው ያለው። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱን የሚፈልገው ከእናንተ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለባችሁ ደግሞ መጀመሪያ እሱ መዘጋት አለበት። በማስተማር አገልግላችሁ ዕዳውን የሸፈናችሁ ብትሆኑም ማረጋገጫው በእጃችሁ ይኑር። ገና አዲስ አበባ ያላችሁ ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ተሳፈሩ። የመጣችሁ ደግሞ ጎንደር ወይም ጅማ ድረስ ሄዶ መስኮት ላይ የሚቆምላችሁ ሰው ፈልጉና ውክልና ላኩለት። እህት ትሻላለች። ጓደኛ «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ዓመቱ ያልቃል።

የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ግምገማው ከድርጅት ድርጅት ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ሙሉ ባችለር ያለውን ሌላው ያንሳል ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በኢሜይል ጠይቁ። ማስተርስ ካላችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ አስገምግሙ። ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የማስተማር ዲፕሎማ) የወሰዳችሁ ትራንስክሪፕቱን እንዳትተዉት። የማስተማር ሥነ ዘዴና የተግባር ልምምድ ኮርሶቻችሁ የሚታዩት እዚያ ላይ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ ያላችሁ በሙሉ መምህርነት ባትገቡም ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ለእናንተ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም አትርሱ። ያስተማራችሁበት ዓመት ከወር እስከ ወር፣ የትምህርት ዓይነቱና የክፍል ደረጃው ተጽፎበት፣ ማኅተም ተደርጎበት። እዚህ ደሞዝ የሚሰላው በትምህርት ደረጃና በአገልግሎት ዓመት ነው። ያ ደብዳቤ ተቀባይነት ካገኘ በየወሩ ኪሳችሁ ውስጥ ይታወቃችኋል።

የመምህርነት ፈቃድ ሳይኖረኝ ትምህርት ቤት ገብቼ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እንደኔ እምነት ማድረግ ያለባችሁም ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ላይሰንሱን ልጨርስ» ይልና ሌላ ሥራ ይገባል። ሁለት ፈረቃ ይሠራል፣ ይደክመዋል፣ ፈተናው ይገፋል፣ አምስት ዓመት ያልፋል። ወረቀቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆሞ ከመጠበቅ በተገኘው በር ገብቶ ውስጥ ሆኖ መጨረስ ይሻላል።

በሮቹ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ረዳት መምህርነት ነው። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ፓራኤጁኬተር ይሉታል፣ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ሌላ ስም አለው፣ ሰው ግን በአጭሩ «ፓራ» ይለዋል። የፌዴራል ድጎማ በሚያገኙ ታይትል አንድ ትምህርት ቤቶች ለመሥራት ሁለተኛ ደረጃ ከመጨረስ ሌላ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ ወይም የአሶሼት ዲግሪ፣ ወይም ፓራፕሮ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። አገር ቤት በዲፕሎማ ወይም በዲግሪ የተመረቀ ሰው ብዙ ጊዜ አይቸገርም። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን የጤና ኢንሹራንስ ሊኖረው ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍሉን ታያላችሁ። እንግሊዝኛው፣ የልጆቹ ጸባይ፣ የወላጅ ስብሰባው፣ የኮምፒውተር ሲስተሙ፣ ሁሉም ደሞዝ እየተከፈላችሁ የምትማሩት ነው።

ሁለተኛው ተተኪ መምህርነት ነው፤ ሰብስቲቲዩት፣ በአጭሩ «ሰብ»። መምህር ሲቀር እሱን ተክታችሁ ትገባላችሁ። መስፈርቱ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ጥቅሙ ብዙ ትምህርት ቤት ታያላችሁ፣ ዳይሬክተሮችም ያዩአችኋል። ጉዳቱ ልጆች ለሰብ ምሕረት የላቸውም።

ሦስተኛው የዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ በመንግሥት ገንዘብ፣ በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩ። በዲሲ ግማሽ የሚጠጉት የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቻርተር ነው የሚማሩት፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህሩ የግድ ላይሰንስ እንዲኖረው በሕግ አይገደዱም። የራሳቸው መስፈርት ግን አላቸው፤ ሥራውም ከባድ ነው።

አራተኛው አማርኛችሁ ነው። በዲሲ በፈረንጆቹ 2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ያካትታል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚልከውን መረጃ በአማርኛም ያወጣል። ስለዚህ አስተርጓሚ፣ የወላጅ አገናኝ፣ አዲስ ለመጡ ተማሪዎች ረዳት የሚሆን ሰው ይፈለጋል። የትምህርት ቢሮዎቹን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ «አማርኛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ፈልጉበት።

ላይሰንሱን ለማግኘትስ ምን ያስፈልጋል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ቅድመ ሁኔታዎቹ በሙሉ ሳይሟሉ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ለሦስት ዓመት ነው፣ የትምህርት ወረዳው (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ቢሮ) ሲቀጥራችሁ ነው የሚገኘው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጎደሉትን ኮርሶችና ፈተናዎች ትጨርሳላችሁ። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ አላት። በዲሲ ፈቃዱን የሚሰጠው ኦሲ የሚባለው የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ደንቦቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ «እገሌ እንዲህ አድርጎ አገኘ» በሚል ወሬ አትመሩ። ያ እገሌ ያመለከተው በሌላ ደንብ ሊሆን ይችላል።

የጎደለ ኮርስ ካለ ውድ ዩኒቨርሲቲ አትሩጡ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚያስተምሩትን መጀመሪያ እዩ፤ ግዛቱ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ይቀበል እንደሆነም ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃል። የተቀጠራችሁበት ወረዳም የኮርስ ክፍያ የሚመልስበት አሠራር ሊኖረው ይችላል። ፓራ ሆኖ መግባት የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው።

ፕራክሲስ ከባድ ነው?

ፕራክሲስ ለመምህርነት ፈቃድ የሚወሰደው ፈተና ነው። በትምህርት ዓይነታችሁ ያለው ፈተና ይዘቱ አይከብዳችሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረ ሰው ካልኩለሱን ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ሰዓቱና የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። አዘጋጁ ኢቲኤስ በነፃ የሚሰጠው የዝግጅት መመሪያ አለ፤ በእሱ ጀምሩ። በሰዓት ተለማመዱ። መማሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ ብቻ አይበቃም።

የቲቢ ምርመራ «ፖዘቲቭ» አለኝ። ሥራው ቀረ ማለት ነው?

አይደለም። ሲወለድ ቢሲጂ የተከተበ ሰው ክንዱ ላይ በሚደረገው የቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ከመጀመሪያው የደም ምርመራውን እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ቢሲጂ እሱን አያሳስተውም። የደሙም ፖዘቲቭ ከሆነ የደረት ራጅ ይነሣል። የተኛ ቲቢ ያለበት ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም፣ ሕክምናም አለው። ከዚህ ሌላ የጣት አሻራና የወንጀል ነፃ ማጣራት አለ፣ እሱ የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ክፍል ውስጥ ትልቁ ልዩነት ምንድን ነው?

ትምህርቱ አይደለም። ፓይታጎረስ እዚህም ያው ነው። የሚለየው መምህሩና ተማሪው መካከል ያለው ነገር ነው።

ስትገቡ ማንም አይነሣም። አንዱ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ይቀበላችኋል። ሌላዋ «ይህን መማር ለምን ይጠቅመኛል?» ትላለች፣ ክፍሉ ሁሉ መልሳችሁን ይጠብቃል። አገር ቤት ይህ ድፍረት ነው። እዚህ ጥያቄ ነው። መልስ ካላችሁ ልጅቷ ትሠራለች። «ፈተና ላይ ስለሚመጣ» ካላችሁ ግን አጥታችኋታል።

አንድ ልጅ ቢረብሽ በክፍሉ ፊት መቆጣት አይሠራም። ልጁ ጓደኞቹ ፊት ላለመዋረድ ይመልስላችኋል፣ ከዚያ ሁለታችሁም መውጫ የላችሁም። ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በለሆሳስ መናገር፤ መልሱን ሳይጠብቁ መሄድ። የሚገርመው፣ ዝግ ባለ ድምፅ የሚናገር መምህር እዚህ ይፈራል። የሚጮኸውን ይቀልዱበታል።

«ውጣ!» የሚባል ነገርም የለም። ኮሪደር ላይ ያለ ተቆጣጣሪ የቆመ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ወደ ቢሮ የሚላክበት ሥርዓት አለ፣ ስልክ ይደወላል፣ ወይም የሚወስደው ሰው ይመጣል። ሽንት ቤት እንኳን በፈቃድ ወረቀት ነው የሚሄዱት። መምታት በሦስቱም ቦታ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክንድ ይዞ መጎተት፣ ጆሮ መንካት፣ ራስ ላይ በመጽሐፍ «ቀልድ» ቸብ ማድረግ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። እጃችሁ ከልጅ ላይ ይራቅ።

ሁለተኛው ልዩነት የማስተማሪያው መንገድ ነው። ሰሌዳ ሞልቶ መጻፍና ማስገልበጥ እዚህ ማስተማር አይባልም። ዳይሬክተሩ ሳይነግራችሁ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ የሚያየው እናንተ ምን ያህል እንደምታውቁ ሳይሆን ልጆቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ነው። ልጆቹ ሲገቡ የሚጀምሩት አጭር ሥራ ሰሌዳ ላይ ይጠብቃቸው። እናንተ አሥር ደቂቃ ታስረዳላችሁ። ከዚያ በጥንድ ወይም በቡድን ይሠራሉ፣ እናንተ እየዞራችሁ ታያላችሁ። ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ በትንሽ ወረቀት መልሰው ይሰጧችኋል። መጀመሪያ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ስድሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው ግን ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው በዚያው ቀን ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ሦስተኛው ወላጅ ነው። ውጤት የሚገባው ካንቫስ ወይም ስኩሎጂ በሚባሉ ሲስተሞች ነው። ማታ ዜሮ ካስገባችሁ እናትየዋ እዚያው ማታ ታየዋለች፣ ጠዋት ኢሜይል ይጠብቃችኋል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መልሱ፣ አጭርና ጨዋ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ለሚያስቸግሩት ልጆች ወላጆች ደውሉ፣ ግን ጥሩ ነገር ፈልጋችሁ ለመናገር። በኋላ ለክስ ስትደውሉ ስልኩ ይነሣላችኋል።

ስለ ስልክ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ሞባይል እንዲዘጋ አድርጋለች፣ የዲሲ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ዓመት ተከትለዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በ2025 እንደ ካውንቲው ነበር። የትምህርት ቤታችሁን ደንብ ተከተሉ፣ የራሳችሁን አትፍጠሩ።

አክሰንቴን ይቀልዱበት ይሆን?

በመጀመሪያው ሳምንት ምናልባት። ይቅርታ አትጠይቁበት። ዋና ዋና ቃላትን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ቀስ በሉ፣ «ምን አልኩ?» እያላችሁ አስደግሙ። በዚህ አካባቢ ካሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው አላቸው። የሚያዳምጡት ትምህርቱ ከገባቸው ነው።

ምን ብለው ነው የሚጠሩኝ?

ሚስተር ወይም ሚስ ብለው፣ በፓስፖርታችሁ የመጨረሻ ስም። የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ነው ማለት ነው። «ሚስተር ገብረመድኅን» ሲባል ዞር ብሎ አባቱን የሚፈልግ አለ። ረጅም ከሆነ አሳጥራችሁ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፣ አለዚያ እነሱ ያሳጥሩላችኋል።

አይኢፒ የሚባለው ምንድን ነው?

የመማር እክል ወይም ሌላ ጉዳት ላለበት ልጅ የተዘጋጀ፣ በፌዴራል ሕግ የተደገፈ የግል የትምህርት ዕቅድ ነው። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ጥያቄው ተነቦ እንዲሰማው ማድረግ የመሳሰሉት ይጻፉበታል። 504 የሚባለውም ዘመዱ ነው። ምክር አይደለም፤ ግዴታ ነው። «ልጁ እኮ ይችላል፣ ሰነፍ ነው እንጂ» ብሎ መተው ወረዳውን ያስከስሳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሁሉንም ልጆች ዕቅድ አንብቡና በአንድ ገጽ ማስታወሻ ያዙ።

አንድ ሐበሻ ልጅ «አባቴ መታኝ» ቢለኝስ? አባቱን ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ።

ከሁሉም ጥያቄ ከባዱ ይህ ነው። በሦስቱም ቦታ መምህር በልጅ ላይ በደል መድረሱን ከጠረጠረ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ አይደለም። ልጁን እየመረመራችሁ አትጠይቁ፣ አባትየውንም ደውላችሁ «ምን ሆነህ ነው?» አትበሉት። ይህ ልጁን ለባሰ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ለዳይሬክተር መንገር ብቻ አይበቃም፤ ወዲያው በቃል፣ ከዚያም በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ታሳውቃላችሁ። ትምህርት ቤቱ በሥልጠና ያሳያችኋል።

«ባህላችን ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ግን የምትችሉት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ችግር ሳይመጣ በፊት፣ በማኅበርም ሆነ በሰንበቴ፣ አዲስ ለመጡ ወላጆች ሕጉን በአማርኛ ንገሯቸው። ብዙዎቹ ማንም ሳይነግራቸው ነው ፖሊስ በር ላይ የሚያዩት።

ሌላም አለ። ጎረቤት ወይም ዘመድ «የእገሌ ልጅ ትምህርቱ እንዴት ነው?» ይላችኋል። ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ የተማሪን መረጃ ለሌላ ሰው መስጠትን ይከለክላል። «እናቷን ጠይቋት» በሉና ወሬ ቀይሩ።

ደሞዙ ይበቃል?

ይበቃል፣ ግን ቤት ኪራዩ ይሻማዋል። ሜሪላንድ ብሉፕሪንት በሚባለው ሕግ የመምህር መነሻ ደሞዝ እስከ ጁላይ 2026 ድረስ 60,000 ዶላር እንዲደርስ ደንግጋለች። ማስተርስ ያለው ከዚያ በላይ ይጀምራል።

ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ትምህርት በኦገስት መጨረሻ ይጀምርና የመጀመሪያው ቼክ ሴፕቴምበር ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ የሁለት ወር ወጪ ይኑራችሁ። ደሞዙን በአሥር ወር ወይም በአሥራ ሁለት ወር ከፋፍሎ መውሰድ የሚያስችል ምርጫ ካለ አሥራ ሁለቱን ምረጡ፣ አለዚያ ጁላይ ላይ ብድር ነው። የጤና ኢንሹራንስ የምትመዘገቡበት ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ቦታ 30 ቀን፤ ካለፈ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ትጠብቃላችሁ።

ለጡረታ ሜሪላንድ ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ትቆርጣለች፣ ቨርጂኒያ 5 በመቶ። የጡረታ መብቱ የሚጸናው ቨርጂኒያ ውስጥ ከ5 ዓመት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለአዲስ ተቀጣሪ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በአራተኛው ዓመት ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የሚዘል ሰው ይህን አስቦ ይዝለል። ግብርም አለ። ሦስቱ ቦታዎች ስምምነት ስላላቸው የደሞዝ ግብር የሚከፈለው ለምትኖሩበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ዲሲ የምታስተምሩ ከሆነ ሲቀጥሯችሁ የሜሪላንዱን ቅጽ ሙሉ።

ክሬዲት (ብድርን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ) የለኝም። ቤት እንዴት እከራያለሁ?

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ሐበሻ ቤት ውስጥ ሩም ወይም ቤዝመንት ተከራይቶ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፣ ቡናም አለው። ግን አጭርም ብትሆን የተፈረመበት ወረቀትና የከፈላችሁበት ደረሰኝ ጠይቁ። ባለቤቱን ስላላመናችሁት አይደለም። ለመንጃ ፈቃድ፣ ለልጅ ምዝገባ፣ ለባንክ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ትጠየቃላችሁ፣ «ወንድሜ ቤት ነኝ» አይበቃም።

አፓርታማ ስትሄዱ ዋናው መሣሪያችሁ የትምህርት ቤቱ የቅጥር ደብዳቤ ነው። ብዙ አከራይ ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል። የካውንቲ ትምህርት ቤት ደብዳቤ የያዘ ሰው ግን ክሬዲቱ ባዶ ቢሆንም ይደመጣል። ዋስ ሊጠይቁ ይችላሉ። ዲፖዚትን (ለአከራዩ የሚሰጠውን መያዣ ገንዘብ) በተመለከተ ሕጉን እወቁ። በዲሲ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይቻልም። በሜሪላንድም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። እግረ መንገዳችሁን ባንክ ገንዘብ አስይዛችሁ የምትወስዱትን ክሬዲት ካርድ አውጡና ቤንዚን ብቻ ግዙበት፣ በየወሩ ክፈሉ።

የትኛው ሰፈር? ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራውም ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል። ቢሆንም ሰፈር ከመምረጥ በፊት ትምህርት ቤቱን አውቃችሁ ካርታ ላይ ጠዋት ያለውን መንገድ እዩት። ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ መምህሩ ቀድሞ ይገባል። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ እየዞሩ በየቀኑ ሜሪላንድ መግባት ሰው ያስረጃል። ቅዳሜ ለእንጀራ መንዳት ይቻላል።

በረዶ ሲጥል?

ገና ሳይነጋ መልእክት ይመጣል፤ ተዘግቷል፣ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። የምትኖሩበት ካውንቲ ሳይሆን የምታስተምሩበት ነው የሚወስነው።

ለገና እና ለፋሲካ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፣ አስቀድሞ ከተጠየቀ። ጃንዋሪ 7 ብዙ ጊዜ መደበኛ የትምህርት ቀን ነው። ፋሲካ በ2025 ከምዕራቡ ጋር በአንድ ቀን ውሎ ነበር፤ በ2026 ግን የእነሱ ስቅለት ኤፕሪል 3፣ የእኛ ኤፕሪል 10 ነው። ለግል ጉዳይ የሚሰጡትን ጥቂት ቀናት ለዚህ አስቀምጡ። ለሚተካችሁ ሰው የቀኑን ትምህርት ጽፋችሁ ትታችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ክፍሉን በሰላም ታገኙታላችሁ። ሙስሊም መምህራን ትንሽ ይሻላቸዋል፤ አንዳንድ ካውንቲዎች ለኢድ ይዘጋሉ።

ልጆቼን የት አስመዘግባለሁ?

በመኖሪያ አድራሻችሁ መሠረት የተመደበላችሁ ትምህርት ቤት አለ፤ የቤት ኪራይ ውል (ሊዝ)፣ የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ዲሲ ከሆናችሁ ከሰፈራችሁ ውጭ ወዳለ ትምህርት ቤት በዕጣ መወዳደርም ይቻላል። የክትባት ካርዱን ከአገር ቤት አምጡት፣ ከጠፋ ልጁ እንደገና ይወጋል። ቤት አማርኛ ይነገራል ብላችሁ ስትሞሉ ልጁ የእንግሊዝኛ ደረጃ ፈተና ይፈተናል። አትፍሩት። ድጋፉ ይጠቅመዋል፣ ሲደርስ ይወጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው ልጅ ከትምህርት እንዳይከለከል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከ1982 ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ እናንተም መምህር ስትሆኑ ተማሪን ስለ መኖሪያ ፈቃዱ አትጠይቁ።

አሁንም ኢትዮጵያ ነው ያለሁት። በቀጥታ ለማስተማር መምጣት እችላለሁ?

ጄ-1 የሚባል የመምህራን ልውውጥ ቪዛ አለ። የሚመጥን ዲግሪና የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠይቃል። ጊዜው እስከ ሦስት ዓመት ነው፣ ሊራዘምም ይችላል። ሐሳቡ አስተምሮ መመለስ ነው እንጂ መኖሪያ ማግኘት አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ከጨረሰ በኋላ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቆይ ይገደዳል። ስፖንሰር መሆን የሚችሉት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደላቸው ድርጅቶች ብቻ ናቸው፣ ዝርዝራቸውም ድረ ገጹ ላይ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ቦሌ ላይ ቢሮ ከፍቶ «አሜሪካ አስተማሪ እናደርጋለን» ካላችሁ ብር እንዳትሰጡት። የቪዛ ሕግ በአሁኑ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ሥራ ከመልቀቃችሁ፣ ቤት ዕቃ ከመሸጣችሁ በፊት ኤምባሲው የጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ።